ተራ ቁጥር አራት፦ የነካ ያንቀሳቅሳል

አንድን ነገር ለሰው አሳምራችሁ እያስረዳችሁ ሳለ፣ በዚያው በማስረዳታችሁ ምክንያት ነገሩ ከእጃችሁ አምልጦ ያውቃል? እኔን ገጥሞኛል። ያውም እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ሠላሳ ያህል ሰው ዙሪያዬን ቆሞ እያየ።

ከመጀመሪያው ልጀምር፤ ነገር በተራው ካልተነገረ አይጥመኝም። ከሚሴ ውስጥ ሒሳብ አስተምራለሁ፤ ዘንድሮ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። ከትምህርት ሰዓት ውጪ ቼዝ እጫወታለሁ። ከተማችን በዓመት አንዴ፣ ቅዳሜና እሑድ የምታካሂደው የቼዝ ውድድር አላት። ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፦ ዘንድሮ የተመዘገብነው አሥራ ሁለት ሰዎች ነን። ስድስት ሰሌዳ፣ አንድ አዳራሽ፣ ከሁለቱ አንዱ ብቻ የሚዞር ቬንትሌተር። ስድስተኛው ሰሌዳ ላይ ጥቁሯ ንግሥት ስለጠፋች በባዶ የሽቶ ብልቃጥ ተክተናታል። እዚያ የሚቀመጥ ተጫዋች ሁሉ ብልቃጧን አንዴ ሳያሸት አይጀምርም።

ሽልማቱ ግን ትልቅ ነው። አንደኛ የወጣው ሰው ደሴ ሄዶ ዞናችንን ወክሎ ይጫወታል። አንድ ሰው ብቻ። ባለፈው ዓመት በመጨረሻው ጨዋታ ተሸንፌ ሁለተኛ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ዓመቱን ሙሉ ያንን ጨዋታ በልቤ ስጫወተው ከርሜያለሁ። ዘንድሮ ስመዘገብ ደሴን ለማንም ላለመልቀቅ ወስኜ ነው።

ዘንድሮ ደግሞ አዘጋጅ ኮሚቴ ውስጥ ገባሁ። ኮሚቴ ሲባል ሦስት ሰው ነው፤ ሁለቱ ወንበር ተሸከሙ፣ እኔ ደንቡን ጻፍኩ። አምስት ተራ ቁጥር፣ በትልቅ ወረቀት፣ በወፍራም ማርከር፣ ግድግዳ ላይ። አንደኛው ስልክ ድምፁ ይጥፋ ይላል። ሁለተኛው የዙሁር አዛን ሲሰማ ሰዓቱ ሁሉ ይቆማል፤ ለሶላት የሚሄደውም ሻይ የሚጠጣውም እኩል ይወጣል፤ ሰሌዳውን እያየ የሚያስብ ሰው አዳራሹ ውስጥ አይቀርም። ሦስተኛው ተመልካች አይመክርም። አራተኛው፣ የነኩትን ጠጠር ማንቀሳቀስ ግዴታ ነው። አምስተኛው፣ ሁለት ሰዎች ነጥባቸው እኩል ከሆነ እርስ በርስ ሲጋጠሙ ያሸነፈው ይቀድማል።

ስለ አራተኛው ትንሽ ላብራራ። በየትኛውም አገር ቼዝ ላይ ያለ ደንብ ነው። እኛ ዘንድ ግን ማንም ጠብቆት አያውቅም። ሰዉ ፈረሱን አንስቶ አየር ላይ ይዞ ይቆያል፣ አንድ ቦታ ያስቀምጠዋል፣ የተመልካቹን ፊት ያያል፣ ፊታቸው ካልጣመው ይመልሰዋል። አንድ ጨዋታ ሦስት ሰዓት ይፈጃል። እኔ ደግሞ ሥርዓት እወዳለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት የመጀመሪያ ተጋጣሚዬ የባጃጅ ሹፌር ነበር። እንደሚነዳው ነው የሚጫወተው፤ ክፍት ቦታ ካየ ይገባል፣ የሚበላ ካገኘ ይበላል። ሦስት ወታደሮቹን ንጉሡ ፊት ደርድሮ አንዱንም ሳያነቃንቅ ወደ እኔ ገሰገሰ። ሆን ብዬ ንግሥቴን አጠገቡ አስቀመጥኩለት።

«ቲቸር፣ እርግጠኛ ነሽ?» አለኝ።

«እርግጠኛ ነኝ።»

«እንዳትቆጪኝ ብቻ» አለና በላት። የበላበት ጠጠር ግን የኋላውን ረድፍ ይጠብቅ የነበረው ነው። ቀጥ ብሎ የሚሮጠው ግንቤ እስከ መጨረሻው ረድፍ ገባና ማት ሆነ፤ ንጉሡ ማምለጫ አጣ። የገዛ ወታደሮቹ መውጫውን ዘግተውበታል። አንዷን ወታደር አንድ እርምጃ ገፍቶ ለንጉሡ መስኮት ከፍቶለት ቢሆን ኖሮ ሌላ ታሪክ ነበር። ይህን ስነግረው አንገቱን ነቅንቆ፣ «ስለዚህ በሬን ቆልፌ ሞትኩ» አለ። ከዚያ በኋላ በየሰሌዳው እየዞረ ለሰው ሁሉ «መስኮትህን ክፈት!» እያለ ሲያስቸግር፣ ውድድሩን የሚመራው ዳኛ ሁለቴ ወደ ውጭ አወጣው።

በሁለተኛው ዙር ነው ዓይኔ አንድ ደላላ ላይ ያረፈው። ከሰንበቴ የመጡ የከብት ደላላ ናቸው፤ ዕድሜያቸው ከሃምሳ ይበልጣል። ቼዝ የለመዱት በወጣትነታቸው የጭነት መኪና ረዳት ሳሉ፣ ጅቡቲ መንገድ ላይ ተራ ሲጠብቁ ከሹፌራቸው ጋር ነው። የሰንበቴ ገበያ እሑድ እንደሚውል ታውቃላችሁ፤ እሳቸው ያንን ለወንድማቸው ትተው ነው እኛ ዘንድ የመጡት። ያን ቀን የተቀመጡት ከአንድ ወጣት ፋርማሲስት ፊት ነበር። ጨዋታው የእሳቸው ነው። ታዲያ ማሰብ ሲጀምሩ እጃቸው ወደ ንግሥታቸው ሄደ። አናቷን ያዙ፣ አንገቷን በአውራ ጣታቸው ዳሰስ ዳሰስ አደረጉ፣ ተዉአት፣ ወደ ግንባቸው ዞሩ።

«ነክተዋል» አለ ፋርማሲስቱ።

«ምን ነካሁ?»

«ንግሥቷን።»

ዳኛው ቀና ብሎ እኔን አየ። ተነሥቼ ግድግዳው ላይ ያለውን በጣቴ እያሳየሁ ተራ ቁጥር አራትን ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩ። ደላላው እስክጨርስ ጠበቁኝ።

«ልጄ» አሉ፣ «ገበያ ላይ በሬ ሳይዳሰስ ይገዛል እንዴ? ሻኛውን ትዳስሻለሽ፣ ጥርሱን ታያለሽ፣ ካልጣመሽ ትተሽው ትሄጃለሽ።»

«ጋሼ፣ እዚህ የዳሰሱትን ይገዛሉ» አልኳቸው።

አዳራሹ ሳቀ፤ እሳቸውም ሳቁ። ንግሥታቸው ግን በዚያች ሰዓት የምትሄድበት ጥሩ ቦታ አልነበራትም። ያገኙላት የተሻለ ቦታ ላይ ፈረስ በላት፤ ተሸነፉ። ሲወጡ አጠገቤ ቆም ብለው፣ «ወላሂ፣ አንቺስ ኬላ ላይ ነበር መቆም የነበረብሽ» አሉኝ። እውነቱን ልናገርና፣ ደንቤ በመሥራቱ ኮራሁ።

በሦስተኛው ዙር ፋርማሲስቱ ለእኔ ደረሰ። እሱን ያሸነፍኩት በፈረስ ነው። ፈረስ አንድ ቦታ ላይ ቆሞ ንጉሡንም ግንቡንም ባንድ ጊዜ ሲያስፈራራ፣ ንጉሡ መሸሽ ግዴታው ስለሆነ ግንቡ ይበላል። ሹካ እንለዋለን፤ ሁለቱ ጥርሶቹ ሁለት ሥጋ ስለሚወጉ። ተማሪዎቼን ይህን ሳስተምር ሁልጊዜ የምላቸው አንድ ነገር አለ፦ መጀመሪያ ፈረሱ ሊቆም የሚችልባቸውን ቦታዎች ሁሉ ቁጠሩ፣ ከዚያ አንዱንም ሳትንቁ አንድ በአንድ መርምሩ።

እሑድ በአራተኛው ዙር እኔም አሸነፍኩ፣ ደላላውም አሸነፉ፤ እስካሁን እኔ አንድም አልተሸነፍኩም፣ እሳቸው በፋርማሲስቱ ብቻ ተሸንፈዋል። የመጨረሻው ዙር ላይ የተገናኘነው እኔ አራት ነጥብ፣ እሳቸው ሦስት ይዘን ነው። ስለዚህ ለእኔ አቻ መውጣት ብቻ ይበቃኛል። እሳቸው ካሸነፉ ግን አራት ለአራት እኩል እንሆናለን፤ በተራ ቁጥር አምስት ደግሞ እሳቸው ይቀድማሉ። ያንንም የጻፍኩት እኔው ነኝ።

ከዙሁር መልስ ሲመጡ ዱላቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው፣ ሁለት እጃቸውን በላዩ ጭብጥ አድርገው ተቀመጡ።

«አካም ኦልቴ፣ መምህርት?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ዋልኩ። ዱላው ለምንድን ነው ጋሼ?»

«እጄን ያሰርኩበት ነው። ትናንት ንግሥቴን የበላው እጄ ነው፣ ያ ልጅ መሰለሽ?»

ነጩ ለእኔ ደረሰ። ጨዋታው ለአንድ ሰዓት ያህል እንደፈለግሁት ሄደ። ንጉሤን በስተግራ አስጠብቄ፣ በስተቀኝ በኩል የእሳቸው ንጉሥ ላይ ተሰለፍኩ። ንጉሣቸው ማዕዘን ላይ ነው፤ ፊቱ አንድ ወታደር ቆሟል። በዚያው መስመር ላይ፣ ከሰሌዳው ሌላኛው ጫፍ፣ ግንቤ ያችን ወታደር ያያታል። መሐል ላይ ፈረሴ አለ፤ በሰያፍ የሚሄደው ቢሾፓቸው ወደ ንጉሤ እንዳያይ መንገዱን የዘጋልኝ እሱ ነው። ንግሥቴን አንድ ቦታ ሳዞራት በሚቀጥለው ማት ልል እዝታለሁ። ተራው የእኔ ነው፤ ሰዓቴም በቂ ነው።

ደላላው ውኃ ሊጠጡ ተነሥተው ጥግ ወዳለው ጀሪካን ሄዱ። የባጃጅ ሹፌሩ ከትከሻዬ በላይ ጎንበስ አለ።

«ቲቸር፣ መምከሬ አይደለም፣ ጥያቄ ነው። ለምንድን ነው ያንን ቢሾፕ የማትፈሪው?»

እንግዲህ እኔ ጥያቄ ሲጠየቅ ዝም ማለት አልችልም። ያስተማሪ ነገር ነው። ጠያቂውን ዝም ማሰኘት የዳኛው ፋንታ ነበር፤ እኔ ግን መልስ ሰጠሁ።

«አየህ፣ ቢሾፑ ወደ ንጉሤ የሚመጣው በዚህ ሰያፍ ነው» አልኩና በጣቴ ከሰሌዳው ከፍ ብዬ መስመሩን አሳየሁት። «ግን መንገዱ ላይ ይሄ ፈረስ...» ስል ጣቴ የፈረሱ አናት ላይ አረፈ። ክፍል ውስጥ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ቁጥር እንደማሳይ ነው ያረፈው፤ ጠበቅ ብሎ።

«ነካች!» አለ ፋርማሲስቱ። የቅዳሜው ሽንፈቱ ገና አልወጣለትም።

«ፈርዳ ቱቅቴ! ፈረሱን ነካች!» አለ ሌላ ሰው ከኋላ። አዳራሹ በሁለት ቋንቋ ተንጫጫ። የባጃጅ ሹፌሩ አፉን በእጁ ያዘ። ዳኛው መጣ፤ ወረቀቱን ማየት እንኳ አላስፈለገውም።

«ተራ ቁጥር አራት» አለ፣ በቀስታ።

ደላላው የውኃ ኩባያ በእጃቸው እንደያዙ ተመለሱ። «ምንድን ነው ጩኸቱ?»

«ፈረሱን ነክታለች፤ ማንቀሳቀስ አለባት» አላቸው ዳኛው።

እሳቸው ሰሌዳውን አዩ። ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ እኔን አዩኝና እጃቸውን አወናጨፉ። «እኔ ውኃ ስጠጣ ነበር፤ ምንም አላየሁም። ተይው በሏት! ልጄ፣ የፈለግሽውን አንቀሳቅሺ። እኔና አንቺ በጣት አንጣላም።»

«ማሻአላህ!» አሉ ከተመልካቹ አንዳንዶች።

ፊቴ ጋለ። ትናንት እኔ ቆሜ ደንብ ያነበብኩባቸው ሰው ዛሬ እኔን ሊምሩኝ ነው። ሊሆን አይችልም አልኩ። አንገቴን ቀና አድርጌ፣ «አመሰግናለሁ ጋሼ፤ ደንብ ደንብ ነው። ፈረሱን አንቀሳቅሳለሁ» አልኩ። ጥቂት ሰዎች አጨበጨቡ። በጣም ጥሩ ሰው የሆንኩ መሰለኝ።

አሁን ፈረሱ የሚሄድባቸውን ቦታዎች ቆጠርኩ። ሰባት ናቸው። አንድ በአንድ መርምሩ የምለው እኔ፣ በዚያች ሰዓት እንዲህ ነው የመረመርኩት፦ አራቱ ወደ ፊት ናቸው፣ ያስበሉታል፤ ሦስቱ ወደ ኋላ ናቸው፣ ያድኑታል። አለቀ። ጆሮዬ ውስጥ የሚጮኸው ጣቴ ነው፤ ለምን ነካሁ፣ ለምን መለስኩለት፣ ለምን ዝም አላልኩም። ከሦስቱ አንዱን መርጬ ፈረሱን ወደ ኋላ፣ ከንግሥቴ ጀርባ ወደ አለው ቦታ መለስኩት።

ደላላው ትንፋሻቸውን ለቀቁ። ከዚያ ዱላቸውን መሬት ላይ አስቀምጠው ንግሥታቸውን አነሡ፤ በዚያ ቀን ሳያመነቱ ያነሡት ጠጠር እሱ ብቻ ነው። ንጉሤ ፊት ወዳለው መስመር አመጧት። ፈረሱ ስለሄደ የቢሾፑ መንገድ ተከፍቷል። ንግሥትና ቢሾፕ ሁለቱም ንጉሤ ፊት የቆመችውን አንዲት ወታደር ያነጣጥራሉ። ንግሥቷ ከበላቻት ማት ነው።

ጎረቤቷን ወታደር አንድ እርምጃ ገፍቼ መንገዱን ዘጋሁ። ቢሾፑ በላት። ልበላው እጄን ዘረጋሁና አየር ላይ አቆምኩት። ቢሾፑን ልትበላው የምትችለው ያችው ንጉሤ ፊት ያለችው ወታደር ናት፤ እሷ ከቦታዋ ከተነሣች ደግሞ ንግሥቷ ንጉሤን በቀጥታ ታየዋለች። ስለዚህ አትንቀሳቀስም። ታስራለች። ከዚያ በኋላ አንድ ሁለት ነገር ሞከርኩ፣ ግን ማት ሆነ።

ዳኛው የእኔንም የእሳቸውንም ስም ጎን ለጎን ጽፎ፣ ለሁለታችንም አራት ነጥብ ሰጥቶ፣ ተራ ቁጥር አምስትን አነበበ። ደሴ የእሳቸው ሆነች።

እጃቸውን ጨብጬ፣ እንኳን ደስ አለዎት ብዬ፣ እንባዬ እንዳይመጣ ወንበር መሰብሰብ ጀመርኩ። አንድ አሥር ያህል ከሰበሰብኩ በኋላ ደላላው ክንዴን ያዙ።

«ነይ ሻይ እንጠጣ። ሰሌዳውንም ያዢው።»

ከአዳራሹ ውጪ፣ ከአዲስ አበባ ደሴ የሚያልፈው የጭነት መኪና ጠረጴዛውን በሚያንቀጠቅጥበት ሻይ ቤት ተቀመጥን። ሻይ እስኪመጣ ጠጠሮቹን ጣቴ ፈረሱ ላይ ባረፈበት ሰዓት በነበሩበት ቦታ ደረደሩ፤ አንድም አልሳቱም። ከዚያ ፈረሴን አነሡና ከንጉሣቸው አጠገብ፣ ያቺ ወታደራቸው ትበላዋለች ብዬ የናቅሁት ቦታ ላይ አስቀመጡት።

«ይቺን ለምን አላየሻትም?»

«ወታደሩ ይበላዋላ» አልኩ።

«ይብላው እስቲ። አንቺ ብዪው።»

ወታደሩን ይዤ ልበላ ስል ቆምኩ። ወታደሩ ከመስመሩ ከወጣ፣ ከወዲያ ጫፍ ያለው ግንቤ ንጉሣቸውን ያገኘዋል። ወታደሩ ታስሯል። ፈረሴን የሚበላው የለም። ፈረሴ ደግሞ ከዚያ ቦታ ሆኖ ንጉሡን ቼክ ይለዋል፣ ንግሥቷንም ያያታል። ቅዳሜ ፋርማሲስቱን ያሸነፍኩበት ያው ሹካ ነው፤ ይህኛው ሥጋ ብቻ ንግሥት ናት። ንጉሡ ይሸሻል፣ ንግሥቷ ትበላለች፣ ጨዋታው ያበቃል። ከሰባቱ ቦታ ያሸንፍ የነበረውን ነው ሳልመረምር የጣልኩት።

«ታዲያ» አልኩ፣ ሻዩ እየቀዘቀዘብኝ፣ «ታዲያ ምንም አላየሁም ያሉኝ...»

ሳቁ፤ ከልባቸው። «ፈረሱን ፈርቼ ነዋ! ጀሪካኑ ጋ ሆኜ ጩኸቱን ስሰማ፣ ያ አላህ፣ በግድ ልታንቀሳቅሰው ነው አልኩ። ገዢ እጁን ጥሩዋ ጊደር ላይ ሲያሳርፍ እኔ ምን እላለሁ? ‹ተዋት ወንድሜ፣ ሌላዋን እይ› ነው የምለው። ደግ የሆንኩልሽ መሰለሽ?»

«እኔማ ደግ የሆኑልኝ መስሎኝ ነበር!»

«ደግ መሆንስ ሆኛለሁ። እሺ ብለሽኝ ቢሆን ኖሮ ከፈረሱ እገላገል ነበር፣ አንቺም ደስ ይልሽ ነበር።»

ልቆጣቸው አሰብኩ፤ ሳቅ አሸነፈኝ። ተሸንፌ የሳቅሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አንድ ነገር ጠየቁኝ። ደሴ ላይ ተጫዋች እያንዳንዷን እርምጃ ወረቀት ላይ መጻፍ አለበት ተብለዋል፤ እሳቸው ደግሞ ለቦታዎቹ የሚሰጠውን ስም አያውቁም። የሚያውቁት የማት መንገድ ሁሉ ጭንቅላታቸው ውስጥ ነው እንጂ ወረቀት ላይ ወርዶ አያውቅም። ብዕሬን ከቦርሳዬ አወጣሁ። ረቡዕና አርብ ከሰዓት፣ ከዐስር ሶላት መልስ እንገናኛለን። እስካሁን አራት ጊዜ አስተምሬያቸዋለሁ። ፈጣን ተማሪ ናቸው፣ ግን ፊደሉን ሲጽፉ ምላሳቸውን ያወጣሉ። ደሴ እኔ ባልሄድም አሁን እሳቸው እንዲያሸንፉ እፈልጋለሁ፤ ይህ ስሜት ከየት እንደመጣ ገና አላስረዳሁትም።

እናንተ ግን አንድ ነገር አድርጉልኝ። ሰሌዳ ካላችሁ አውጡ፣ ከሌላችሁ ወረቀት ላይ ሥሩ። መስመሮቹን ከነጩ ወገን ሆናችሁ ከግራ ወደ ቀኝ ከኤ እስከ ኤች፣ ረድፎቹን ከእናንተ ጀምሮ ከ1 እስከ 8 በሉ። ነጭ፦ ንጉሥ ቢ-1፣ ንግሥት ጂ-4፣ ግንብ ኤች-1፣ ፈረስ ኢ-5፣ ወታደሮች ኤ-2፣ ቢ-2፣ ሲ-2፣ ጂ-2 እና ኤፍ-4። ጥቁር፦ ንጉሥ ኤች-8፣ ንግሥት ኢ-7፣ ግንብ ኤፍ-8፣ ቢሾፕ ኤፍ-6፣ ወታደሮች ኤ-7፣ ቢ-7፣ ጂ-7 እና ኤች-7። ፈረሱን ጂ-6 ላይ አስቀምጡት። ከዚያ ሰሌዳውን አዙሩና በጥቁሩ በኩል ተቀመጡ። እኔና ደላላው ለጥቁሯ ንግሥት ማምለጫ ፈልገን ፈልገን አጥተንላታል። እስቲ እናንተ ሞክሩ።